ጉልበት ሲያብጥና ሲግል

የዛሬው ቃላችን ረጅም ነው። ቀስ ብለን እናንብበው፦ መ-ገ-ጣ-ጠ-ሚ-ያ። ሁለት አጥንት የሚገናኝበት ቦታ ማለት ነው። ጉልበት መገጣጠሚያ ነው። ዳሌ፣ ትከሻና ክርንም እንዲሁ።

በመገጣጠሚያ ውስጥ ጥቂት ፈሳሽ አለ። የበር ማጠፊያን ዘይት እንደሚያለሰልሰው፣ ይህ ፈሳሽ አጥንቶቹን ያለሰልሳል። አንዳንድ ጊዜ ጀርም ከቁስል ተነሥቶ፣ በደም ተጉዞ እዚያ ይገባል። ፈሳሹም መግል ይሆናል። የአጥንቱን ጫፍ የሸፈነው ልስልስ ነገር በጥቂት ቀን ውስጥ ይበላል። የተበላው እንደ ቀድሞው አይመለስም። ሰውየው ዕድሜ ልኩን ሊያነክስ ይችላል።

ታዲያ ከወለምታ በምን ይለያል? ወለምታ መውደቅን ወይም መጠምዘዝን ተከትሎ ይመጣል። ይኼኛው ግን ሳይወድቁም ይመጣል። መገጣጠሚያው ያብጣል፣ ይግላል፣ አልታጠፍም ይላል። ብዙ ጊዜ ትኩሳት አለው። ሽማግሌዎች ላይ ግን ትኩሳቱ ላይታይ ይችላል። የዳሌ እብጠት ደግሞ ጥልቅ ስለሆነ ለዓይን አይታይም። ሕፃን ልጅ ትኩሳት ይዞት፣ እግሩን አላንቀሳቅስም ካለና ሲነኩት ከጮኸ፣ እናት ትጠርጥር።

«ወጌሻ አለ አይደል እንዴ?» ትሉ ይሆናል። መግል በማሸት አይድንም። ቅቤ መቀባትም፣ መብጣትም አያድነውም። በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ወደ ሆስፒታል መሄድ ነው። ሐኪሙ ፈሳሹን በመርፌ ቀድቶ ያስመረምራል። መግሉ ይወጣል፤ መድኃኒት በደም ሥር ይሰጣል። ሕክምናው ሳምንታት ይፈጃል። ሕመሙ ቀለለኝ ብሎ መድኃኒት ማቋረጥ አይገባም።

ሰው ሠራሽ መገጣጠሚያም አለ። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1962 ጆን ቻርንሊ የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም ዛሬም የሚሠራበትን ዓይነት፣ ከብረትና ከጠንካራ ፕላስቲክ የተሠራ ዳሌ ለበሽተኞች ማስገባት ጀመረ። ብዙ ሰው በዚህ ዳነ። ነገር ግን ከ100 ሰዎች 1 ወይም 2 ያህሉን ጀርም ያገኛቸዋል። ብረት ደም ሥር የለውም። ጀርሙ በእንስራ ውስጥ እንደሚይዘው ዝልግልግ ነገር ብረቱ ላይ ይለጠፋል። መድኃኒት በቀላሉ አይደርስበትም። ስለዚህ አንዳንዴ ብረቱን አውጥቶ መለወጥ ግድ ይሆናል። ብረት የገባለት ሰው ጠባሳው መግል ካወጣ፣ ወይም ድኖ ከቆየ በኋላ እንደገና ካመመው፣ ቶሎ ወደ ሐኪሙ ይመለስ። በራሱ ክኒን ገዝቶ አይዋጥ፤ ጀርሙን በምርመራ ማግኘት ያስቸግራልና።

እንግዲህ ደብተራችሁን አውጡና ይህን ጻፉ፦

ያበጠና የጋለ መገጣጠሚያ አይታሽም።
በዚያው ቀን ወደ ሐኪም እንሂድ።

ጽፋችሁ ስትጨርሱ ማንበብ ለማይችል ጎረቤት አንብቡለት። ደህና ሁኑ።