መብቱ በአዋጅ፣ ወረቀቱ በመዝገብ ቤት

(በደብረ ማርቆስ በተካሄደው የምሩቃን ግንኙነት ላይ የቀረበ ንግግር)



ስለ መረጃ ነፃነት አዋጅ ሐኪም ምን አገባት የምትሉ አትጠፉም። እኔ ግን ሥራዬን የምሠራው ሌሎች ጽፈው፣ ሌሎች ባስቀመጡት መረጃ ነው። ስለዚህ ዛሬ የምናገረው ስለ አስቀማጮቹ ነው፤ ስለ ቤተ መጻሕፍት ባለሙያው፣ ስለ መዝገብ ቤት ሠራተኛዋ፣ ስለ ካርድ ክፍሉ ሰው።

አስቀድሜ ሕጉን ባጭሩ ላስታውስ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 29 የሕዝብን ጥቅም የሚመለከት መረጃ የማግኘት ዕድልን አረጋግጧል። ዝርዝሩ የመጣው በአዋጅ ቁጥር 590/2000 ነው። ማንኛውም ሰው ከመንግሥት መሥሪያ ቤት መረጃ መጠየቅ ይችላል። መሥሪያ ቤቱ በ30 ቀን ውስጥ መልስ መስጠት፣ ከከለከለም ምክንያቱን መግለጽ አለበት። ቅር የተሰኘ ሰው እስከ ሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም ድረስ አቤት ይላል። በ2013 ዓ.ም. አዲሱ የመገናኛ ብዙኃን አዋጅ ሲወጣም፣ ይህ የመረጃ ነፃነት ክፍል ሳይሻር በሥራ ላይ ቆይቷል።

ጥያቄው የሚቀርበው ለሕዝብ ግንኙነት ኃላፊው ነው። እንግዲህ አንድ የስናን ገበሬ ለቀበሌው ጤና ጣቢያ የተመደበው የመድኃኒት በጀት ስንት እንደሆነ ጠየቀ እንበል። ኃላፊው ማመልከቻውን ተቀበለ፤ ከዚያስ? ፋይሉን የሚያወጣው መዝገብ ቤት ያለው ሰው ነው። ፋይሉ ቁጥር ከሌለው፣ በካርቶን ታስሮ ከተሰበረ ወንበር ጋር መጋዘን ከተጣለ፣ 30 ቀኑም 300 ቀኑም አንድ ነው። “አንሰጥም” እና “አላገኘነውም” ለመሥሪያ ቤቱ ይለያዩ ይሆናል፤ ለጠያቂው ያው ናቸው።

በሕክምናም የምናየው ይህንኑ ነው። ከዚህ በፊት በኦፕራሲዮን የወለደች እናት ምጥ ይዟት ስትመጣ፣ ያኔ ማኅፀኗ የተከፈተው እንዴት እንደነበር ማወቅ እንፈልጋለን። በታችኛው ክፍል አግድም ከሆነ፣ ሌላው ነገር ከተሟላ፣ በምጥ ለመውለድ ልትሞክር ትችላለች። ከላይ ወደ ታች ከሆነ ግን የመተርተር አደጋው ከፍ ያለ ስለሆነ አይሞከርም። ሆዷ ላይ ያለው ጠባሳ ይህን በእርግጠኝነት አይነግረንም፤ የሚነግረን የያኔው የኦፕራሲዮን ማስታወሻ ነው። ካርዱ ከተገኘ በእውቀት እንወስናለን፤ ከጠፋ በግምት። ያን ካርድ በአምስት ደቂቃ የሚያወጣው ሰው፣ ማንም ባያጨበጭብለትም፣ ሕይወት ያድናል።

ይኸው ሰው የማይሰጠውንም ማወቅ አለበት። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 26 የግል ሕይወትን ይጠብቃል። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ደግሞ የጤና መረጃን ልዩ ጥንቃቄ ከሚሹት መድቦታል። የሆስፒታሉ የመድኃኒት ግዥ የሕዝብ ነው፤ የእትዬ እገሊት የኤችአይቪ ውጤት የራሷ ነው። እሷ ራሷ ስትጠይቅም “ይኼ የሐኪም ነው” ተብላ መመለስ የለባትም። ነገር ግን የምንኖረው የሚተዋወቅ ከተማ ውስጥ ነው። አማት ይመጣል፣ ጎረቤት ይመጣል፣ አንዳንዴም አለቃ “እስቲ ካርዷን አሳዪኝ” ይላል። ካርድ ክፍል ያለችው ልጅ “አይሆንም ጌታዬ” ለማለት ሥልጠናም፣ ከኋላዋ የሚቆም ኃላፊም ያስፈልጋታል።

በጎጃም ይህ ሥራ ክብር ነበረው። እንደ ዲማ ጊዮርጊስና መርጡለ ማርያም ባሉ ደብሮች የርስትና የጉልት ውል በቅዱሳት መጻሕፍት ኅዳግ ላይ ይጻፍ ነበር። የቱ ውል በየትኛው መጽሐፍ እንዳለ የሚያውቅ ሰው ከሌለ፣ ብራናው እያለ መብቱ ይጠፋል። ዛሬ ግን ብዙ ቦታ መዝገብ ቤት ሌላ ክፍል ያልፈለገው ሰው የሚመደብበት፣ ሲብስም የቅጣት ቦታ ሆኗል።

ስለዚህ ሦስት ነገር ልለምናችሁ። መምህራኖቻችን፣ የሕክምናም የአስተዳደርም ተማሪ ሳይመረቅ ጥቂት ቀን በመዝገብ ክፍል ይዋል፤ የሐኪም ጽሑፍ ለምን መነበብ እንዳለበት እዚያ ይገባዋል። ኃላፊነት ላይ ያላችሁ ምሩቃን፣ በጀት ስትይዙ መደርደሪያውንና የባለሙያውን ሥልጠና አትርሱ። ጥናት የሠራን ሁሉ ደግሞ፣ የታማሚ ስም የሌለበትን አንድ ቅጂ ጥናቱን ለሠራንበት ወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤት እንስጥ፤ ሰዉ ስለ ራሱ የተጻፈውን ለማየት ማመልከቻ መጻፍ የለበትም።