በድንኳን ስለ ማደር

ዛሬ የምነግራችሁ በድንኳን ስለ ማደር ነው። «ድንኳን ለሠርግና ለለቅሶ ነው እንጂ ለእኛ ለቢሮ ሰዎች ምን ያደርግልናል?» የሚል አይጠፋም። ነገር ግን የምንኖርባት አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር መነሻዋ እቴጌ ጣይቱ በፍል ውሃው አጠገብ ያረፉበት ድንኳን ነበረ። የቀድሞ ነገሥታት ሰፈርም እንዲሁ በዘፈቀደ አይተከልም ነበር። ፊታውራሪው በፊት፣ ቀኝ አዝማቹ በቀኝ፣ ግራ አዝማቹ በግራ፣ ደጃዝማቹ በደጅ ይሰፍሩ ስለ ነበር፣ የማዕርጉ ስም ሳይቀር የሰፈሩን ሥርዓት ይናገራል።

በጎረቤት አገሮች በድንኳን ማደር ትልቅ የእንግዳ መቀበያ ሥራ ሆኗል። ሳፋሪ የሚሉት ቃል በስዋሂሊ ቋንቋ ጉዞ ማለት ነው። ዛሬ በኬንያና በታንዛኒያ፣ ከከተማ እጅግ በራቀ ዱር ውስጥ፣ ጥቂት ድንኳኖች ብቻ የተተከሉባቸው ሰፈሮች አሉ። አልጋው በነጭ አንሶላ ተነጥፎ ይጠብቃል፤ በእሳት የሞቀ ውሃ ከበላይ በተሰቀለ ዕቃ ተሞልቶ እንግዳው ይታጠብበታል፤ ከመሸ በኋላ ግን ያለ ዘበኛ ከድንኳኑ አይወጣም። ለአንድ ሌሊት የሚከፈለውም ገንዘብ ከብዙዎቻችን የወር ደመወዝ ይበልጣል።

እኔ ግን የድንኳንን ምቾት የተማርሁት በራያ ቆላ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ለመሥሪያ ቤት ጉዳይ ከሦስት ባልደረቦቼ ጋር ከወልድያ ወደ ቆቦ ወርደን ነበር። በምሥራቅ የዞብል ተራራ፣ በምዕራብ የላስታ ደጋ፣ በመካከሉ እስከ ዓይን ድረስ የማሽላ እርሻ ይታያል። መሽቶብን ስለ ነበር፣ ደረቅ ወንዝ ውስጥ ለስላሳና ደልዳላ አሸዋ አግኝተን ድንኳናችንን ተከልን። ከፍራሽ ይሻላል ተባባልን።

ወዲያው አንድ ሽማግሌ በትራቸውን ተደግፈው መጡና «ልጆቼ፣ ይህ የእንግዳ ማደሪያ አይደለም፤ የውሃ መንገድ ነው» አሉን። እኔም ሰማዩን አሳይቼ፣ «አባቴ፣ ደመና በሌለበት ጎርፍ ከየት ይመጣል?» ብዬ ሳቅሁ። እሳቸው ግን ሳይቆጡ፣ «የእኛን ሰማይ ተዉት፤ ወደ ደጋው ተመልከቱ» አሉ። በላስታ በኩል መብረቅ ብልጭ ይል ነበር። እያጉረመረምን ተነሥተን ከፍ ካለው ዳር ሰፈርን።

እኩለ ሌሊት ሲሆን፣ በእኛ ላይ አንዲት ጠብታ ሳትወርድ፣ ወንዙ እንደ ነጎድጓድ እየጮኸ መጣ። ባትሪ አብርተን ስናይ መጀመሪያ ድንኳን የተከልንበት አሸዋ በደፍራሽ ውሃ ተሸፍኗል። ማዶ ለማዶ ግን ሰዎች አካፋና ዶማ ይዘው ይሯሯጡ ነበር፤ ሽማግሌውም ከእነርሱ ጋር ናቸው። ሊያድኑን የመጡ መስሎኝ ነበር። ነገሩ ሌላ ነው፤ የራያ ገበሬ ከደጋ የሚወርደውን ጎርፍ በቦይ እየጠለፈ ወደ እርሻው ይመልሰዋል። እኛን ሊወስደን የነበረው ውሃ ለእነርሱ የዓመት እንጀራ ነበረ።

ክቡራን አድማጮች፤ ድንኳን በዚያ አገር ሁልጊዜ የደስታ ምልክት አይደለም። በ1977 ዓ.ም. በኮረም የተተከለው ለረኃብተኛ ነበረ፤ ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ ጦርነት በቆቦ ሲያልፍም ብዙ ሰው ቤቱን ጥሎ ተሰድዷል። ሰላም ጸንቶ አንድ ቀን በዞብል ግርጌ የእንግዳ ድንኳን ቢተከል መልካም ነው። ነገር ግን ምንጣፉ ከመነጠፉ አስቀድሞ ቦታውን የሚያሳዩት፣ ደመወዙንም ከሁሉ በፊት የሚቀበሉት፣ እንደነዚያ ሽማግሌ ያሉ ሰዎች ይሁኑ።

እናንተም ለሥራ ወደ ገጠር ስትላኩ፣ ካስማ ከመምታታችሁ በፊት ባላገሩን ጠይቁ። እኔ ሳልጠይቅ ተክዬ፣ ሲነግሩኝም ስቄ፣ በሰው ትዕግሥት ድኜ ተመልሻለሁ። በማግሥቱ ይቅርታ ልጠይቃቸው ብሄድ፣ ሽማግሌው እርጥብ እርሻቸውን እያዩ ነበርና «እንኳን አደራችሁ» ብቻ አሉኝ።