የእንግሊዝኛውን መጽሐፍ በራሳችን ዓይን

በድሬዳዋ ደቻቱ ለወላጆች፣ ለመምህራንና ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች የቀረበ ንግግር

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም

ምስጋና ሁሉ ለዓለማት ጌታ ለአላህ (ሱ.ወ) የተገባ ነው። ሰላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይስፈን። 

ዛሬ ስለ እንግሊዝኛ መጽሐፍ ልንነጋገር ስንቀመጥ ከትግላችን ጉዳይ የወጣን የሚመስለው ካለ፣ መነሻችንን እናስታውሰው። በ2004 የአወሊያ ተማሪዎች ድምፃቸውን ያሰሙት የዐረብኛ መምህራኖቻቸው በመሰናበታቸው ነበር። ጥያቄያችን ከመማሪያ ክፍል ተነስቶ ነው ወደ መስጂዱ ግቢ የመጣው። ልጆቻችን ምን ያነባሉ፣ እንዴት ያነባሉ የሚለው ነገር ከመጀመሪያውም የእኛ ጉዳይ ነው።

ልጅ 9ኛ ክፍል ሲገባ ሒሳቡም፣ ባዮሎጂውም፣ ታሪኩም በእንግሊዝኛ ይሆናል። በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶቻችን የእንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍ የሚባል ራሱን የቻለ ትምህርት ባይኖርም፣ በቋንቋው መማሪያ ውስጥ ግጥም ይመጣል፣ አጭር ልቦለድ ይመጣል፤ የሚተጋ መምህር ካለም ከቤተ መጻሕፍት ልቦለድ ያስነብባል። በዚህ ጊዜ ከወላጆች ሁለት ዓይነት ነገር እንሰማለን። አንዱ «ልጄ የሚያነበው መጽሐፍ የካፊር ወሬ ነው፣ ይቅርብኝ» ይላል። ሌላው ደግሞ «እንግሊዝኛውን ብቻ ይወቅልኝ፣ ዲኑ ቀስ ብሎ ይደርሳል» ይላል። የተለያዩ ይመስላሉ እንጂ ሁለቱም ልጁን ከመጽሐፉ ጋር ብቻውን ነው የተዉት። የመጀመሪያው ልጅ ተደብቆ ያነባል፤ ሁለተኛው በግልጽ ያነባል፤ «እዚህ ላይ ምን ታያለህ?» ብሎ የሚጠይቀው ግን ለሁለቱም የለም።

ከሶሓቦች ታሪክ ዘይድ ኢብን ሣቢትን (ረ.ዐ) እንውሰድ። መልእክተኛው (ሰ.ዐ.ወ) የአይሁዶችን ጽሕፈት እንዲማር አዘዙት። ምክንያቱ ግልጽ ነበር፤ የሚመጣውን ደብዳቤ የሚያነብላቸው፣ የሚላከውንም የሚጽፍላቸው ታማኝ ሰው ፈለጉ። ዘይድ በግማሽ ወር ገደማ ቻለው። ወጣት ነበር፤ እዚህ ፊት ለፊት ከተቀመጣችሁት ተማሪዎች ብዙም የሚበልጥ አልነበረም። የሌላውን ቋንቋ መማር የሌላው መሆን ቢሆን ኖሮ፣ ይህ ልጅ በኋላ ቁርኣንን የሚሰበስብ አማና ባልተሰጠው ነበር።

የድሬዳዋ ሰው ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ የለበትም። ባቡሩ በ1902 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር እዚህ ሲደርስ (ከዚህ በኋላ የምንጠቅሳቸው የመጻሕፍት ዘመኖችም በዚያው አቆጣጠር ናቸው) የኩባንያው ቋንቋ ፈረንሳይኛ ነበር። ከደቻቱ ወዲያ ከዚራ፣ ወዲህ መጋላ፤ አሸዋውን እየተሻገሩ ምድር ባቡር የሠሩ አባቶቻችን ፈረንሳይኛውን ተናገሩት፣ ደመወዛቸውን ተቀበሉበት፣ ጁሙዓቸውን ግን አልተዉም።

አሁን ወደ መጽሐፉ እንግባ። ከዚህ ተነስቶ ሐረር ለመድረስ በመኪና አንድ ሰዓት ገደማ ነው። በጥር 1855 ሪቻርድ በርተን የሚባል እንግሊዛዊ መኮንን እዚያች ከተማ ገባ። ጉዞውን የጀመረው የሙስሊም ነጋዴ መስሎ ነው፤ ከዚያ ቀደም በ1853 በተመሳሳይ ዘዴ መካ ገብቶ ነበር። ሐረር ደጃፍ ሲደርስ ግን እንግሊዛዊ ነኝ ብሎ፣ ከኤደን ሹም የተላከ የሚመስል ራሱ ያዘጋጀውን ደብዳቤ ይዞ አሚር አሕመድ ፊት ቀረበ። 10 ቀን ተቀምጦ ወጣ። በ1856 ስለ ምሥራቅ አፍሪካ ጉዞው ትልቅ መጽሐፍ አሳተመ። የእንግሊዝኛ አንባቢ ስለ ሐረር ሲያስብ ለብዙ ዘመን በእጁ የነበረው ይኸው መጽሐፍ ነው።

በርተን ሐቁን አንነፍገውም። ዐረብኛ ያውቃል፣ ያየውን በዝርዝር ይጽፋል፣ በመጽሐፉ መጨረሻ ላይ የሐረሪን ቋንቋ ሰዋስውና የቃላት ዝርዝር አስገብቷል። የከተማዋን ቅድስናና እውቀትም ያነሳል። ግን ከእውቀቷ ጋር አያይዞ አክራሪነቷን ያነሳል። ይህች ቃል ለእኛ እንግዳ አይደለችም። በ2005 «ጂሃዳዊ ሐረካት» የተባለውን ፊልም በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ያየ ሰው በደንብ ያውቃታል። ውሸት በያዘ ደብዳቤ የገባው እንግዳ፣ በሰላም አስገብቶ በሰላም የሸኘውን ከተማ ስም ያወጣለታል፤ ለንደን ላይ የቀረው የእንግዳው ቃል ነው። አስተናጋጆቹ ስለ እሱ ምን አሉ? የ11ኛ ክፍል ተማሪ ይህን ጥያቄ ከጠየቀ፣ እንግሊዝኛ መማር ጀምሯል ማለት ነው።

«በኢስላም ዓይን ማንበብ» ስንል ታዲያ ምን ማለታችን ነው? በየገጹ ጠርዝ ላይ ሐላልና ሐራም እየጻፉ መሄድ ማለታችን አይደለም። ይህ ንባብ አይባልም። እኛ የራሳችን የንባብ ሥርዓት ያለን ሕዝብ ነን። ደረሳ ሸኹ ፊት ቁጭ ብሎ ኪታብ ሲቀራ እንዴት ነበር? አንድ መስመር ያነባል። ቃሉን በቃሉ ይፈታል። ነሕውና ሶርፉን ይጠየቃል፤ አድራጊው ማን ነው፣ ተደራጊው ማን ነው ይባላል። ከዚያ ሸርሑ ይመጣል፣ ከዚያ የዑለማው ልዩነት ይነገራል። ሳይገባው ወደ ቀጣዩ መስመር አይሄድም። በዚህ ዓይነት አንድ የእንግሊዝኛ ገጽ የቀራ ተማሪ፣ መቶ ገጽ በጥድፊያ ካለፈው ይልቅ ቋንቋውን ይይዛል። በብሔራዊ ፈተና ምርጫ ማጥቆር ብቻ ስለሆነ ልጆቻችን 12ኛን ጨርሰው አንድ አንቀጽ አስተካክሎ መጻፍ ያቅታቸዋል፤ ይህን ሁሉም መምህር ያውቃል።

ደግሞ የቃሉን ነገር ተመልከቱ። እኛ «አደብ» ስንል ሥርዓት፣ ጨዋነት ማለታችን ነው። በዐረብኛ ሥነ ጽሑፍም የሚጠራው በዚሁ ቃል ነው። ሁለቱ ከአንድ ቤት ናቸው።

በዚህ ዘዴ ሮቢንሰን ክሩሶን እንቅራ። ዳንኤል ዴፎ በ1719 ያሳተመው ነው፤ ብዙ ተማሪ ብቻውን ደሴት ላይ የቀረ ሰው ታሪክ መሆኑን በአጭሩም ቢሆን ሰምቷል። ከደሴቱ በፊት ያለውን ግን ጥቂቶች ናቸው የሚያስታውሱት። ክሩሶ ሞሮኮ ውስጥ ሳሌ በምትባል ከተማ በባርነት ይያዛል። ዙሪ የሚባል የሙስሊም ልጅ ይዞ በጀልባ ያመልጣል። ገና ሲነሱ ልጁን ታማኝ እንዲሆንለት ያስምለዋል፤ እምቢ ካለ ባሕር ውስጥ እንደሚጥለው ነግሮት። ልጁ ይምላል፣ መሐላውንም ይጠብቃል፤ አብሮት ይርባል፣ አብሮት አውሬ ይጋፈጣል። አንድ የፖርቱጋል መርከብ ካዳናቸው በኋላ ካፒቴኑ ዙሪን በ60 የብር ገንዘብ ልግዛህ ይለዋል። ክሩሶ መጀመሪያ ይከብደዋል፤ ነፃነቱን እንዲያገኝ የረዳውን ልጅ ነፃነት መሸጥ አሳፍሮታል። ካፒቴኑ ክርስቲያን ከሆነ በ10 ዓመት ነፃ አወጣዋለሁ ሲል ግን ይስማማል፤ ልጁም እሺ ይላል። ክሩሶ በኋላ ብራዚል ላይ እርሻ ሲይዝ ዙሪን በመልቀቁ ይቆጨዋል። የሚቆጨው የሥራ እጅ ስላጠረው ነው።

እዚህ ላይ መምህሩ ምንም መስበክ አያስፈልገውም። ልጁ መሐላ ገባ፤ ክሩሶስ ለልጁ ምን ቃል ገባለት? «እሺ አለ» የሚለውን የነገረን ማን ነው? መሄጃ የሌለው ልጅ እሺ ሲል እሺታው ምንድን ነው? ሱረቱል ማኢዳ ምእመናን ቃል ኪዳናቸውን እንዲሞሉ በማዘዝ እንደሚጀምር ያወቀ ተማሪ፣ በአማና ላይ ያደገ ተማሪ፣ ይህን ምዕራፍ ሌላው ሳያይ የሚያልፈው ቦታ ላይ ይቆማል። መልሱን በእንግሊዝኛ ሲጽፍ ክርስቲያኑም መምህሩ ይቀበለዋል፤ ምክንያቱም ማስረጃው ከራሱ ከዴፎ ገጽ የተወሰደ ነው።

ጎን ለጎን የሚቀራ ሌላ መጽሐፍ አለ። በ12ኛው ክፍለ ዘመን የአንዳሉሱ ኢብን ጡፈይል «ሐይ ኢብን የቅዛን» የተባለውን ድርሰት በዐረብኛ ጻፈ። ሰው በሌለበት ደሴት፣ ሚዳቋ ያሳደገችው ልጅ በማስተዋሉ ብቻ ፈጣሪውን ይደርስበታል። በ1671 በላቲን ታተመ፤ በ1708 ሳይመን ኦክሊ ከዐረብኛው ወደ እንግሊዝኛ መለሰው። ክሩሶ የወጣው ከዚያ 11 ዓመት በኋላ ነው። ዴፎ አንብቦት ነበር ወይ የሚለው ምሁራንን ያከራክራል፤ እኛ «ከእኛ ነው የሰረቀው» እያልን የምንፎክርበት አይደለም። ሁለቱን ደሴቶች ማስተያየቱ ይበቃል። ክሩሶ የተረፈውን ዕቃ ይቆጥራል፣ አጥር ያጥራል። ሐይ ከዋክብትን ይመለከታል፣ ስለሞተችው ሚዳቋ ሕይወት ወዴት እንደሄደ ይመረምራል። ክሩሶም ታሞ መጽሐፉን አንብቦ ንስሐ የሚገባበት ቦታ አለው፤ ፍትሐዊ አንባቢ ያንንም አይዘልለውም።

ፍትሕ ካነሳን የሚከብደውን እንናገር። በኢስላም ዓይን ማንበብ የራስን ወገን መሸፈን የሚመስላቸው አሉ። ሱረቱ ኒሳእ በራሳችንና በወላጆቻችን ላይ ቢሆንም በፍትሕ እንድንቆም ያዝዘናል። የዛንዚባሩ ተወላጅ አብዱልረዛቅ ጉርናህ በ1994 «ገነት» የሚል ልቦለድ በእንግሊዝኛ አሳተመ። ዩሱፍ የሚባል ልጅ አባቱ ለአንድ ሙስሊም ነጋዴ ባለበት ዕዳ መያዣ ሆኖ ይሰጣል። ነጋዴው ይሰግዳል፣ ሽቶ ይቀባል፣ ሰው ያከብረዋል፤ ልጁም «አጎቴ» እያለ ይጠራዋል። የዙሪን መሸጥ ያወገዘ ተማሪ ዩሱፍ ላይ ሲደርስ ዝም ካለ፣ ያነበበው በኢስላም ዓይን አልነበረም፤ በወገን ዓይን ነው። ሐረርም ቢሆን በዘመኗ የባሪያ ገበያ ነበረባት። የቢላል (ረ.ዐ) አገር ልጆች ነን፤ ይህን ከእኛ በላይ ማን ሊናገር ይገባዋል?

እናቶች የሚያነሱትን የሐያእ ጉዳይ አልዘነጋነውም። ለ15 ዓመት ልጅ የማይሆን መጽሐፍ አለ፤ ያንን መምረጥ የመምህሩና የወላጁ ኃላፊነት ነው። ነገር ግን ፍቅርና ፈተና ያለበት ታሪክ ሁሉ ይዘጋ ካልን ሱረቱ ዩሱፍ ፊት እናፍራለን። አላህ (ሱ.ወ) ከታሪኮች ሁሉ ያማረ ብሎ የጠራው ታሪክ የተዘጋ በርና ከኋላ የተቀደደ ቀሚስ አለበት። ፈተናው ሳይደበቅ፣ ሐያእም ሳይነካ ይነገራል። ልጃችን ይህን ሚዛን ይዞ ይግባ።

ስለ ሕጉ ጥቂት። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 90 ትምህርት ከሃይማኖት ተጽዕኖ ነፃ በሆነ መንገድ እንዲሰጥ ያዛል። ይህን አንቃወምም፤ ለእኛም ጥበቃ ነው። ሙስሊም መምህርም የመንግሥት ክፍል ውስጥ ቆሞ ደዕዋ ማድረግ የለበትም። አንቀጽ 27 ደግሞ ወላጅ ልጁን በእምነቱ የማነጽ መብት እንዳለው፣ ምእመናንም የሃይማኖት ትምህርት ተቋም ማቋቋም እንደሚችሉ ይናገራል። ስለዚህ ሸርሑን የምናደርገው እዚህ፣ በራሳችን ሰዓት፣ በራሳችን ምንጣፍ ላይ ነው። ትምህርት ቤቱን የምንጠይቀው ተማሪ በማስረጃ የጻፈው ሐሳብ ሙስሊማዊ ስለሆነ ብቻ እንዳይሰረዝ ነው።

ጊዜ የለኝም የምትሉ ተማሪዎች ማልኮም ኤክስን አስቡ። እስር ቤት ሆኖ መዝገበ ቃላት ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ በእጁ ይገለብጥ ነበር። እንግሊዝኛውን በዚያ መንገድ ነው ያሰፋው።

ኢንሻአላህ ከመጪው ቅዳሜ ዐስር ሰላት በኋላ እንጀምራለን። ሴቶችም ወንዶችም ተማሪዎች ደብተርና እስክሪብቶ ይዛችሁ ኑ፤ መጽሐፍ መግዛት አያስፈልግም፣ ገጾቹን አባዝተን እናመጣለን። የመጀመሪያው ንባብ በርተን ስለ ሐረር የጻፈው ነው። በመጽሐፉ መጨረሻ ያሰፈረውንም የሐረሪ ቃላት ዝርዝር እንጨምርበታለን። ሐረሪ የምትናገሩ እናቶችና አባቶች በዚያ ቀን አብራችሁን ብትቀመጡ ደስ ይለናል። ልጆቹ ዝርዝሩን ያነቡላችኋል፤ የሳተውን ትነግሯቸዋላችሁ፤ እነሱ በእንግሊዝኛ ይጽፉታል።

ወሰላሙ ዓለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።