ምሰሶው ቢወሰድም
በቤቴል ለተሰበሰቡ የሥራችን ደጋፊዎች የተደረገ ንግግር



ዛሬ ስለ አንድ ራዲዮ ጣቢያ ልነግራችሁ እወዳለሁ። ፀጉራችሁ የሸበተ ሁሉ ታስታውሱታላችሁ፤ ብሥራተ ወንጌል ይባል ነበር። የዓለም ሉተራን ፌዴሬሽን ያቋቋመው ይህ ጣቢያ የካቲት 19 ቀን 1955 ዓ.ም. ሥራውን ሲጀምር መርቀው የከፈቱት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ነበሩ። ማሠራጫዎቹና የአንቴና ምሰሶዎቹ የተተከሉት ከአዲስ አበባ በስተደቡብ፣ ጌጃ ላይ ነው።

በአውሮፓ ሰፊ አገር ለመሸፈን ረጅም ሞገድ ይጠቀሙ ነበር። ረጅም ሞገድ ምድርን ተከትሎ ይሄዳል፤ ነገር ግን እጅግ ረጅም ምሰሶ ይፈልጋል። በፖላንድ ኮንስታንቲኖቭ የቆመው ምሰሶ 646 ሜትር ሲሆን፣ በጊዜው በዓለም ላይ ሰው ከሠራው ሁሉ የረዘመ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1991 ደግፈው የያዙት የብረት ገመዶች ሲለወጡ ወደቀ።

ብሥራተ ወንጌል ግን በአጭር ሞገድ ይሠራ ነበር። አጭር ሞገድ ወደ ላይ ወጥቶ ከከፍተኛው የአየር ክፍል ወደ ምድር ስለሚመለስ ባሕርና በረሃ ይሻገራል። እያንዳንዳቸው 100 ኪሎ ዋት ከነበራቸው ሁለት ማሠራጫዎች የተነሣው ድምፅ፣ ከአሥር በሚበልጡ ቋንቋዎች እስከ እስያ ድረስ ይሰማ ነበር። ከዝግጅቱ 30 በመቶ ያህሉ ወንጌል፣ 70 በመቶ ያህሉ ዜናና ትምህርት ነበር።

መጋቢት 3 ቀን 1969 ዓ.ም. ደርግ ጣቢያውን ወረሰው፤ ስሙም የአብዮታዊት ኢትዮጵያ ድምፅ ተባለ። የጌጃ ምሰሶዎች አልወደቁም። ድምፁ ግን የሌላ ሆነ። ብዙዎች የደከሙበት ሥራ በአንድ ቀን ከእጅ ወጣ።

ታዲያ ያ ሁሉ ገንዘብና ጸሎት ከንቱ ቀረ ወይ? ይህን ጥያቄ እዚሁ ቤቴል ለሚኖሩ አንዲት እናት አቀረብሁላቸው። ሲመልሱልኝ እንዲህ አሉ፦ «ልጄ፣ በመንደራችን አንድ ራዲዮ ብቻ ነበር፤ የመምህሩ። ድንጋዩ ሲደክም ፀሐይ ላይ እያሰጣን እንደገና እናዳምጥ ነበር። ውኃ አፍልቼ ለልጅ መስጠትን የተማርሁት ከዚያ ነው። ራዲዮውን ወሰዱት፤ ውኃ ማፍላቴን ማን ይወስድብኛል? ለጎረቤቶቼም አስተምሬአለሁ።»

ይህን ስሰማ አፈርሁ። ምክንያቱም እኔ ራሴ በምሠራበት አንድ ቀበሌ የውኃ ፓምፕ አቁመን፣ ፎቶግራፍ ተነሥተን፣ ጸልየን ተመልሰን ነበር። የፓምፑን ላስቲክ መለወጥ ግን ለማንም አላስተማርንም። ላስቲኩ ባለቀ ጊዜ ፓምፑ ቆመ፤ ሴቶቹም እንስራቸውን አዝለው ወደ ወንዙ ተመለሱ። ፓምፑን ማንም አልወረሰብንም። ያጠፋነው እኛው ነን።

ወገኖቼ፣ ምሰሶ አያስፈልግም ማለቴ አይደለም። ያለ ጌጃ ምሰሶ እኚህ እናት አይሰሙም ነበር። ሐዋርያው ጳውሎስም እምነት ከመስማት እንደሚመጣ ለሮሜ ሰዎች ጽፎላቸዋል። ነገር ግን ምሰሶ የሚቆመው ሰው እንዲሰማ ነው። የሰማው ሰው ሌላውን ካላስተማረ ግን ምሰሶው ሲወሰድ ሁሉም ነገር አብሮ ይሄዳል።

ስለዚህ በዚህ ዓመት የምለምናችሁ ፎቶግራፍ ለማይነሣ ሥራ ነው፤ ይኸውም ፓምፕ የሚጠግኑ ወጣቶችንና ስለ ንጽሕና የሚያስተምሩ እናቶችን በየቀበሌው ለማሠልጠን ነው። ባርኮ የሚከፈት ሕንፃ፣ ስማችሁ የሚጻፍበትም ድንጋይ የለውም። ሆኖም ከሰው ልብ የገባውን ዐዋጅ አይወርሰውም።

ጌታ ይባርካችሁ። አሜን።