የመኪና ሬዲዮ አቀባበል ጉድለትና የምርመራው ሥርዓት
(በማኅበሩ ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



የመኪናው ሬዲዮ አልሰማ ያለው ባለንብረት ወደ ጋራዥ ሲሄድ ብዙ ጊዜ የሚሰጠው መልስ «ሬዲዮው ተበላሽቷል፤ ይለወጥ» የሚል ነው። ገንዘቡ ወጥቶ ሬዲዮው ከተለወጠ በኋላ ግን ሁከቱ እንደ ነበረ ሲቀጥል ይታያል። ይህ የሚሆነው በሽታው ሳይታወቅ መድኃኒቱ ስለሚታዘዝ ነው። በውጭ ምንዛሪ የሚገዛ ዕቃ ያለ ምርመራ መጣሉ የባለንብረቱ ኪሳራ ብቻ ሳይሆን የሙያውም ነውር ነው።

እንደሚታወቀው ድምፅ ከማሠራጫ ጣቢያ ተነሥቶ ከአድማጩ ጆሮ እስኪደርስ በመልክዓ ምድሩ፣ በአንቴናው፣ በአንቴናው ገመድና በሬዲዮው ያልፋል። ምርመራው ወጪ ከማይጠይቀው ተነሥቶ ወደሚጠይቀው መሄድ ይኖርበታል፤ ሬዲዮውን መፍታትም የመጨረሻው እንጂ የመጀመሪያው እርምጃ አይደለም።

አንደኛ፣ ጉድለቱ የመኪናው ነው ወይስ የቦታው? የኤፍ ኤም ሞገድ እንደ ብርሃን ቀጥ ብሎ የመሄድ ጠባይ ስላለው ተራራና ገደል ያግደዋል። ወደ ዓባይ በረሃ የሚወርድ ሾፌር የከተማውን ጣቢያ ቢያጣ ሬዲዮው አልታመመም። በረጃጅም ሕንፃዎች መካከልም ቀጥታ የመጣውና ከግንብ የተንጸባረቀው ሞገድ እየተጋጩ ድምፁ በየአንድ ሜትር ተኩል ያህል ሊጠፋና ሊመለስ ይችላል፤ በ100 ሜጋኸርዝ የሞገዱ ርዝመት 3 ሜትር ነውና። ስለዚህ ሌላ መኪና በዚያው ቦታ አቁሞ ማወዳደር ከማናቸውም መሣሪያ ይቀድማል።

ሁለተኛ፣ ሬዲዮው የተሠራው ለየትኛው አገር ነው? ለጃፓን ገበያ የተሠሩ የቆዩ የመኪና ሬዲዮዎች የሚቀበሉት ከ76 እስከ 90 ሜጋኸርዝ ያለውን ነው። በአዲስ አበባ የሚሰሙት 97.1 እና 102.1 ከዚህ ክልል ውጭ ናቸው። ለዚህ የሚገጠመው ትንሽ መለወጫ ሞገዱን በ16 ሜጋኸርዝ ዝቅ የሚያደርግ ከሆነ 97.1 በ81.1፣ 102.1 ደግሞ በ86.1 ላይ ይገኛል። ነገር ግን የሬዲዮው ክልል ስፋት 14 ሜጋኸርዝ ብቻ በመሆኑ ከ92 በታችና ከ106 በላይ ያሉት ጣቢያዎች ይቀራሉ። ይህን ያላወቀ ባለሙያ አንቴና ቢለውጥ ትርፉ ድካም ነው።

ሦስተኛው የአንቴናው ጉዳይ ነው። ለኤፍ ኤም ተስማሚው ዘንግ የሞገዱ ርዝመት አንድ አራተኛ፣ ማለትም 75 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። ተራ ዘንግ ከሆነ ገመዱን ከሬዲዮው ነቅሎ በቴስተር መለካት ነው፤ ከዘንጉ ጫፍ እስከ መሰኪያው መካከለኛ እሾህ ወደ ዜሮ የቀረበ ኦም መታየት፣ በእሾሁና በገመዱ መሸፈኛ መካከል ግን ምንም ግንኙነት አለመኖር አለበት። መሸፈኛው በአንቴናው ሥር ከመኪናው ቦዲ ጋር በሚገባ መያያዝ ይኖርበታል፤ በዚያ ዝገት ወይም ውኃ ከገባ በተለይ መካከለኛው ሞገድ ይጎዳል። አንቴናው በኋላ መስታወት ላይ የተሣለ ከሆነ ደግሞ 12 ቮልት የሚፈልግ ማጉያ ሊኖረው ይችላል። የፋብሪካው ሬዲዮ በሌላ ሲተካ ይህ የኃይል ሽቦ ሳይያያዝ ይቀርና አዲሱ ሬዲዮ ከአሮጌው የባሰ ሆኖ ይገኛል።

አራተኛው ከመኪናው ከራሱ የሚመነጨው ሁከት ነው። ከሞተሩ ፍጥነት ጋር የሚቀጥንና የሚወፍር ፉጨት ዲናሞን፣ አብሮ የሚፈጥን ጠቅ ጠቅ የሚል ድምፅ ካንዴላንና የካንዴላ ገመድን ያመለክታል። የአንቴናው መሰኪያ ሲነቀል ሁከቱ ከቀጠለ የሚገባው በኃይል መስመሩ ነው፤ ከጠፋ ግን በአንቴናው በኩል ነው። ርካሽ የስልክ ቻርጀርና የኤል ኢ ዲ አምፖልም ሊረብሹ ስለሚችሉ አንድ በአንድ እየነቀሉ ማዳመጥ ይገባል።

ኢትዮጵያ በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከከለከለች ወዲህ ደግሞ ጥያቄው ሌላ መልክ ይዟል። የኤሌክትሪክ መኪና የሞተር መቆጣጠሪያ በመካከለኛው ሞገድ ላይ ብርቱ ሁከት ስለሚፈጥር አንዳንድ ፋብሪካዎች ይህን ሞገድ ከሬዲዮዎቻቸው እስከ ማውጣት ደርሰዋል። ኤፍ ኤም በማይደርስበት ገጠር ለሚጓዝ ሰው ይህ ቀላል ጉዳት አይደለም።

ክቡራን የማኅበሩ አባላት፤

ከላይ የተዘረዘረው ምርመራ አንድ ቴስተርና ጥቂት ትዕግሥት እንጂ ውድ መሣሪያ አይጠይቅም። መሐንዲሱ ይህን ሥርዓት በጋራዥ ለሚሠራው ባለሙያ በሚገባው ቋንቋ ጽፎ ቢሰጠው፣ ባለሙያውም ከመለወጥ በፊት መለካትን ልማድ ቢያደርግ፣ ባለንብረቱ የሚከፍለው ለተገኘ ጉድለት እንጂ ለግምት አይሆንም።