ከሽያጩ በፊት የሚቀርበው ሾፎሮ

በንግድ ትምህርት «ኔትዎርኪንግ» የሚባለውና በአማርኛ ትውውቅ ማበጀት ወይም የሰው ትስስር መዘርጋት ሊባል የሚችለው ተግባር፣ አንድ አነስተኛ ነጋዴ ገና ያልገዙትን ነገር ግን ሊገዙ የሚችሉትን ሰዎች በሚያውቃቸው ሰዎች በኩል አግኝቶ ወደ ደንበኝነት የሚያመጣበት መንገድ ነው። ጉዳዩ ብዙ ጊዜ ከአዲስ አበባ የስብሰባ አዳራሾችና ከቢዝነስ ካርድ ልውውጥ ጋር ተያይዞ ስለሚነሳ ከውጭ የመጣ ዘመናዊ ጥበብ ይመስላል። በኦሞ ወንዝ ምሥራቃዊ ዳርቻ፣ ወንዙ ከሥር ተጠማዞ በሚታይበት ገደል አፋፍ ላይ የተቀመጠችው የካራዎች መንደር ኮልቾ ግን ደንቡ የታወቀና ከአባት ወደ ልጅ ሲተላለፍ የኖረ የትስስር ሥርዓት አላት፤ ይህም ሥርዓት ጂንካ ውስጥ ሱቅ ለከፈተ ወጣት ከብዙ የሥልጠና ጽሑፍ የበለጠ ትምህርት ይሰጣል።

ካራ በቁጥር እጅግ አነስተኛ ከሆኑት የደቡብ ኦሞ ሕዝቦች አንዱ ሲሆን፣ ከኮልቾ ሌላ ዱስና ላቡክ የሚባሉ መንደሮች አሉት፤ ቋንቋውም የሐመርኛ የቅርብ ዘመድ ነው። ኑሮው ለረጅም ዘመን የተመሠረተው፣ የደጋው ክረምት ኦሞን ሞልቶ በነሐሴና በመስከረም ዳርቻውን ካጥለቀለቀ በኋላ ውሃው ሲሸሽ ትቶት በሚሄደው ደለል ላይ በሚዘራ ማሽላና በቆሎ ነው። በወንዙ ዳር ጫካ ውስጥ ግን የገንዲ በሽታን የሚያስተላልፈው ዝንብ ስላለ ከብት በብዛት ማርባት አይመችም። ስለዚህ ካራ እህል አለው፣ ከብት ይጎድለዋል፤ ጎረቤቱ ሐመር ከብትና ፍየል አለው፣ ዝናብ ባጠረ ዓመት ግን እህል ያጣል፤ ሁለቱም የሚጠጡት የቡና ገለባ ደግሞ ቡና ከሚበቅልበት ከደጋው፣ ከጂንካ ዙሪያ ከአሪዎች አገር ይመጣል። ማንም ለብቻው ሙሉ ባልሆነበት በዚህ አገር፣ ከሌላው ወገን የሚታመን ሰው ማግኘት የኑሮ ግዴታ ነበር።

ይህን ሰው ሐመሮች «ቤል» ይሉታል። ቤል ማለት የሥጋ ዘመድ ያልሆነ፣ ብዙ ጊዜም ከሌላ አካባቢ ወይም ከሌላ ሕዝብ የሚገኝ፣ በስጦታና በውለታ የተሳሰረ ወዳጅ ማለት ነው። ወዳጅነቱ የሚጀምረው በመስጠት ሲሆን፣ የተሰጠው ነገር ዋጋው ወዲያው ተሰልቶ አይመለስም። ፍየል የተቀበለ ሰው በዚያው ቀን ልክ የሚመዝን ማሽላ ሰፍሮ ቢያስረክብ ሒሳቡ ይዘጋል፤ ሒሳቡ ሲዘጋ ደግሞ ለመመለስ ምክንያት አይኖርም። ስለዚህ ውለታው ክፍት ሆኖ ይቆያል፣ በሚቀጥለው ወቅት በማር ወይም በእህል ይመለሳል፣ የመለሰውም ትንሽ ጨምሮ ስለሚሰጥ አሁን በተራው ሌላው ባለዕዳ ይሆናል። ካራው ከብት ሲያገኝ ዝንቡ በማይደርስበት በሐመር ኮረብታ ለቤሉ በአደራ ይሰጣል፤ ሐመሩ ደግሞ በድርቅ ወራት አህያውን ጭኖ ወደ ወንዙ ሲወርድ ወደ ማን ቤት እንደሚሄድ አስቀድሞ ያውቃል።

የአቀባበሉም ሥርዓት ልብ ሊባል የሚገባው ነው። እንግዳው ወደ ጎጆው ጎንበስ ብሎ ይገባና በተነጠፈው ቁርበት ላይ ወይም ይዞት በሚዞረው ቦርኮቶ ላይ ይቀመጣል፤ ቦርኮቶ ለመቀመጫም ለትራስም የሚያገለግል ከእንጨት የተፈለፈለ ትንሽ በርጩማ ነው። የቤቱ እመቤት ከቡና ገለባ በትልቅ ማሰሮ የተፈላውን ሾፎሮ በግማሽ ቅል ቀድታ ታቀርባለች፤ እየተጠጣም ወሬው ስለ ዝናቡ፣ ስለ ግጦሹ፣ ስለ በሽታው፣ ስለ መንገዱ ሰላም ይሆናል። የመጣበት ጉዳይ የሚነሳው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ጊዜ የሚያባክን የሚመስለው ይህ ጨዋታ ግን ራሱ የሥራው ክፍል ነው፤ ምክንያቱም በዘመናዊው ንግድ «ሊድ» የሚባለው፣ ማለትም ማን ምን እንደሚፈልግና መቼ እንደሚፈልግ የሚጠቁመው ፍንጭ፣ የሚገኘው በዚሁ ወሬ ውስጥ ነው። የአንዱ መንደር ማሽላ በወፍ እንደተበላ የሰማ ሰው በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ፍየል ለገበያ የሚያወጣው ማን እንደሆነ አወቀ ማለት ነው።

አይቮ ስትሬከርና ጂን ሊዳል የተባሉት የሰው ልጅ ባህል ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. ከ1970 ጀምሮ በሐመር ኖረው በ1979 ባሳተሙት ባለ ሦስት ቅጽ ሥራ የሐመርን ኑሮ በስፋት መዝግበዋል፤ ኡሪ አልማጎር የተባለው ተመራማሪም በ1978 በታተመ መጽሐፉ በደቡብ በኩል ባሉት በዳሰነች ዘንድ ያለውን ተመሳሳይ የወዳጅነት ውል አጥንቷል። ከነዚህ ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ፣ በ1973፣ አሜሪካዊው የማኅበረሰብ ጥናት ሊቅ ማርክ ግራኖቬተር ሰዎች ሥራ የሚያገኙት ከቅርብ ዘመድ ይልቅ ብዙ ጊዜ በሩቅ በሚያውቁት ሰው በኩል መሆኑን በማሳየት «የደካማ ትስስር ኃይል» የሚባለውን ሐሳብ አቀረበ። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ የቅርብ ዘመዶች የሚያውቁት አንድ ዓይነት ነገርን ሲሆን፣ አዲስ ወሬ የሚያመጣው በሌላ ክበብ ውስጥ የሚኖር ሰው ነው። ቤል ይህን ሐሳብ አንድ እርምጃ ያሳልፈዋል፤ በቦታ ሩቅ የሆነውን ሰው በውለታ ቅርብ ያደርገዋልና፣ የሩቁን ወሬና የቅርቡን እምነት አንድ ላይ ያስገኛል።

በዚህ ሚዛን ሲታይ፣ ኮልቾ ዛሬ ከጎብኝዎች ጋር ያላት ግንኙነት ከግንኙነቶቿ ሁሉ እጅግ ድሃው ነው ማለት ይቻላል፣ ምንም እንኳ ጥሬ ገንዘብ የሚገባበት ቢሆንም። ከቱርሚ አቧራውን እያስነሳ የሚመጣው ላንድክሩዘር ገደሉ አጠገብ ይቆማል፤ ገላቸውን በነጭ ኖራ ያስጌጡ ወጣቶች ይሰለፋሉ፤ ፎቶ ይነሳል፣ ብር ይሰጣል፣ መኪናው ይመለሳል። የማንም ስም ለማንም አልተነገረም። ሒሳቡ እዚያው ስለተዘጋ ከዚህ ልውውጥ የሚተርፍ ውለታም ሆነ ወሬ የለም፤ ነገ የሚመጣው መኪናም ከዜሮ ይጀምራል። ይህ ለመንደሩ ሰዎች የሚያሳዝን ነገር ነው፤ እንግዳን የማቆየት ጥበብ የነበረው ሕዝብ፣ እንግዳው ፈጥኖ ሲያልፍ ጥበቡን የሚያሳይበት ጊዜ አጥቷል።

ጉዳዩን ይበልጥ አሳሳቢ የሚያደርገው ደግሞ የወንዙ መለወጥ ነው። የኦሞ ውሃ በታኅሣሥ 2009 ዓ.ም. በተመረቀው በግልገል ጊቤ 3 ግድብ ሥርዓት መለቀቅ ከጀመረ ወዲህ፣ ደለሉን ያመጣ የነበረው ዓመታዊ ሙላት እንደ ቀድሞው አልሆነም። ካራ ለቤሉ ይሰጥ የነበረው እህል ከዚያ ደለል የሚገኝ ስለነበር፣ ጉዳቱ በእርሻው ብቻ አያቆምም፤ በእጁ የሚሰጠው ነገር የሌለው ሰው ትስስሩን የሚያድስበት አጣ ማለት ነው። ስለ ኔትዎርኪንግ የሚጻፉ ብዙ ጽሑፎች ይህን ነጥብ ይዘሉታል፤ ሰው ማወቅን ብቻውን እንደ ሀብት ይቆጥሩታል። በኮልቾ እንደሚታየው ግን የትውውቅ ዕድሜ የሚለካው በሚቀርበው ምርት ነው። ዛሬ ለዚህ ቦታ የሚመጥነው ምናልባት በዛፍ ላይ ከሚሰቀለው ቀፎ የሚገኘው ማር፣ የቆላው ፍየልና የእጅ ሥራው ነው።

እነዚህን ምርቶች ተቀብሎ ጂንካ ላይ የሚሸጥ ወጣት፣ በ2003 ዓ.ም. በወጣው የጥቃቅንና አነስተኛ ተቋማት ስትራቴጂ መሠረት «ጥቃቅን» ከሚባለው ክፍል ይመደባል፤ በአገልግሎትና በንግድ ዘርፍ ይህ ማለት ቤተሰብን ጨምሮ እስከ 5 ሰው የሚሠራበትና ጠቅላላ ሀብቱ ከ50,000 ብር ያልበለጠ ሥራ ነው። እንዲህ ያለ ነጋዴ ለማስታወቂያ የሚያወጣው ገንዘብ የለውም፤ ያለው እግሩና ስሙ ነው። የገበያ ቀኖቹ ግን አስቀድመው ተዘርግተውለታል፤ ሰኞ ቱርሚ፣ ሐሙስ ቀይ አፈር፣ ቅዳሜ ዲመካና ጂንካ። በየገበያው አንድ አንድ የሚታመን ሰው ያለው ነጋዴ፣ ራሱ ባልደረሰበት ቀን እንኳ የማሩን ዋጋና የፈላጊውን ብዛት በስልክ ይሰማል፤ ክፍያውንም ከግንቦት 2013 ዓ.ም. ጀምሮ በሥራ ላይ ባለው ቴሌብር ሊቀበል ይችላል።

እዚህ ላይ ዶክተር እሌኒ ገብረመድኅን የኢትዮጵያ ምርት ገበያ በ2000 ዓ.ም. ከመቋቋሙ በፊት በእህል ንግድ ላይ ያደረጉት ጥናት ጠቃሚ ነው። ነጋዴዎች በማያዩት እህልና በማያውቁት ገዢ መካከል ሆነው የሚሠሩት በሚያምኑት ደላላ በኩል እንደነበር ጥናቱ አሳይቷል፤ ጥራትን የሚመሰክር ተቋም በሌለበት የሚመሰክረው ሰው ነውና። የቆላው ማርም ዛሬ እንደዚያው ነው፤ ጀሪካኑ ውስጥ ስኳር አለመግባቱን ለገዢው የሚያረጋግጥለት የሻጩ ስም ብቻ ነው። አንድ ጊዜ የተበረዘ ማር የሸጠ ሰው የሚያጣው አንዱን ገዢ ብቻ ሳይሆን ያ ገዢ ሊያመጣቸው የሚችሉትን ሁሉ ነው።

ከጎብኝው ጋር ያለው ግንኙነትም ቢሆን የሚጠገንበት በር አለው፤ በሩ ግን ጎብኝው አይደለም። ፎቶ የሚያነሳው እንግዳ ወደ ኮልቾ የሚመጣው ምናልባት በዕድሜው አንድ ጊዜ ነው፤ መኪናውን የሚነዳው ሾፌርና አስጎብኝው ግን በየወቅቱ ይመለሳሉ፣ አዲስ አበባ ያሉትን የጉዞ ድርጅቶች ያውቃሉ፣ እንግዳው የት እንደሚያድርና ማር ከማን እንደሚገዛ አብዛኛውን ጊዜ የሚጠቁሙትም እነርሱ ናቸው። በነጋዴ ቋንቋ እውነተኛው የደንበኛ ምንጭ እነርሱ ሲሆኑ፣ በኮልቾ ቋንቋ ደግሞ ቤል ሊሆኑ የሚገባቸው እነርሱ ናቸው። እንግዶቹ በገደሉ አፋፍ ፎቶ በሚያነሱበት ሰዓት፣ ሾፌሩ ብዙ ጊዜ ከመኪናው ጥላ ሥር ለብቻው ይቀመጣል። ጎጆው ከዚያ ብዙም አይርቅም፤ ማሰሮውም ከጠዋት ጀምሮ ተጥዷል።