ሳጥኑን የሚሸከመው ብረት

ዛሬ የማወጋችሁ ከአንድ ሞተር ሳይክል የወረደን የጎን ሳጥን ለሌላ ሞዴል ስለሚገጥሙ ሰዎች ሙያ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ አብነት ለዚህ ሥራ የተመቸ ሰፈር ነው። በባቡር አንድ ፌርማታ ሄዳችሁ ሰባተኛ ናችሁ፤ ከዚያ መርካቶ ገብታችሁ ምናለሽ ተራ ስትደርሱ ላሜራው፣ ቱቦው፣ ያገለገለው ብሎን ሁሉ አለ። ዕቃ አመላላሾች ሞተራቸውን ይለውጣሉ፤ ደህና ሳጥን ያለው ግን ሳጥኑን ይዞ ነው የሚሻገረው።

መንገደኛ የሚያየው ሳጥኑን ነው። ሙያው ያለው ግን ሳጥኑን ከሞተሩ በሚያይዘው ብረት ላይ ነው። ባጃጅ ቦክሰርን ተመልከቱ፤ ከኋላ ጎማው ግራና ቀኝ ሁለት ሾክ አብዞርበር አለው። የሾኩ የላይኛው ብሎን ሻንሲው ላይ የታሰረ በመሆኑ ማሰሪያው ብረት እዚያው ይያዛል። ይኸው ብረት ወደ ያማሃ ዲቲ ሲመጣ የሚይዘው ብሎን ያጣል፤ የዲቲ ሾክ አንድ ነው፣ እሱም መሐል ላይ የተደበቀ። በቦክሰር ታች ለታች የሚሄደው ማርሚታም በዲቲ ሽቅብ ወጥቶ፣ ሳጥኑ ሊቀመጥበት በታሰበው ጎን ያልፋል። ፕላስቲክ ሳጥን እዚያ ቢጠጋ ይቀልጣል።

ጎበዝ ባለሙያ እንግዲህ ትራፓኖውን አስቀምጦ ሜትሩን ያነሳል። ባለቤቱን ሞተሩ ላይ ያስቀምጠዋል፣ ሌላ ሰው ከኋላ ይደርባል። ሾኩ ሲረግጥ ጎማው ሽቅብ ይመጣልና ሳጥኑን ይነካው እንደሆነ ያያል። የተሳፋሪው ተረከዝ የት ያርፋል? ፍሬቻው ከኋላ ለሚመጣው መኪና ይታያል? ስፋቱስ? ሳጥኑ ከመሪው ወርድ ካላለፈ፣ መሪው በሾለከበት ሁሉ እሱም ይሾልካል። በአዲስ አበባ የመኪና ሰልፍ መሐል ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ክብደትም አለ። የእህል በረንዳ አህያ ጫኝ ግራና ቀኙን ሳያመዛዝን አይነዳም፤ ሞተርም እንዲሁ ነው። በዚያ ላይ ጭነቱ ከኋላ ጎማው አክስል ወደ ጀርባ በሸሸ ቁጥር የፊት ጎማው እየቀለለ መሪው ይዋልላል፤ ዳገት ላይ ደግሞ ይብሳል።

ሻንሲ ላይ በቀጥታ የሚበይድ ሰው ሥራ አይጥመኝም። ቶሎ ያልቃል፣ ርካሽም ነው። ነገር ግን የብየዳው ሙቀት ቀጭኑን ቱቦ ያዳክመዋል፤ ኮብልስቶኑ ሲያንቀጠቅጠው ስንጥቁ ከዚያው ከብየዳው አጠገብ ይጀምራል። የማከብረው በብሎንና በዳዶ አስሮ፣ መሐሉ ጎማ አስገብቶ፣ ከሳምንት በኋላ መጥተህ አስጠብቅ ብሎ የሚሸኘውን ነው። እንዲህ የተሠራ ማሰሪያ ሞተሩ ሲሸጥ ተፈትቶ ይወርዳል።

አሁን የኤሌክትሪክ ሞተሮች ሲመጡ ሥራው አዲስ መልክ ይዟል። ማርሚታ ስለሌላቸው የግራውና የቀኙ ብረት እኩል ሊሆን ይችላል። ባትሪው ከመቀመጫው ሥር እየወጣ በሚቀየርባቸው ላይ ግን መቀመጫው ያለ ችግር መከፈት አለበት። ሳጥኑን ወደ ኋላ መግፋት ቀላሉ መፍትሔ ይመስላል፤ ያ ግን የፊት ጎማውን መልሶ ያቀልለዋል። ስለዚህ ሳጥኑ ባለበት ሆኖ ዝቅ ይላል፤ ምን ያህል ዝቅ እንደሚል የሚወስነው ሁለት ሰው ተቀምጦበት የተለካው ልክ ነው።